ድራምን በሁለት ማይክ መቅረጽ፦ የአንባቢ ጥያቄና መልስ

ጥያቄ፦ የምኖረው ደብረ ብርሃን ነው። በግቢያችን ባለች አንዲት ክፍል ትንሽ ስቱዲዮ አደራጅቼ የሰፈራችንን ወጣቶች ሙዚቃ እቀርጻለሁ። ሳውንድ ካርዴ የሚቀበለው ሁለት ማይክ ብቻ ሲሆን ያሉኝ ማይኮች አንድ ኮንደንሰር (ስስ ድምፅንም ከርቀት የሚይዝ) እና ሁለት ዳይናሚክ (በቅርብ ለሚመታ ኃይለኛ ድምፅ የሚመች) ናቸው። ዳይናሚኮቹን ኪኩና (በእግር የሚመታው ትልቅ ከበሮ) ስኔሩ (ድራመሩ ፊት ያለው ጠፍጣፋ ከበሮ) ላይ አስጠግቼ ስቀርጽ ቶሞቹና (ሌሎቹ ከበሮዎች) ሲምባሎቹ (የብረት ሳህኖቹ) ከሩቅ የሚመጡ ይመስላሉ። ኮንደንሰሩን ከላይ ሰቅዬ ከኪኩ ማይክ ጋር ስሞክር ደግሞ ለየብቻ ደህና የነበሩት ሁለት ድምፆች አብረው ሲከፈቱ ይሳሳሉ። ሚክሰር ተውሼ ሦስቱንም ልጠቀም ወይስ ስምንት መግቢያ ያለው ካርድ እስክገዛ ልጠብቅ?

መልስ፦ አይጠብቁ። ለእያንዳንዱ ከበሮ የየራሱን ማይክ መስጠት ከመለመዱ በፊት በወጡ በርካታ ሸክላዎች ላይ የምንሰማው ድራም በአንድ ወይም በሁለት ማይክ የተያዘ ነው። እንግሊዛዊው የድምፅ መሐንዲስ ግሊን ጆንስም በስሙ በሚጠራው ዘዴ ሙሉውን ድራም በሦስት ወይም በአራት ማይክ ብቻ ይቀርጽ ነበር።

ሁለተኛው ሙከራዎ ትክክለኛው መንገድ ነው፤ ድምፁን ያሳሳው የማይክ ማነስ ሳይሆን የርቀት ልዩነት ነው። ድምፅ በአየር ውስጥ በሰከንድ 340 ሜትር ገደማ ስለሚጓዝ፣ አንዱ ማይክ ከሌላው በ34 ሳንቲ ሜትር ቢርቅ ያው ምት 1 ሚሊሰከንድ ዘግይቶ ይደርሰዋል፤ ሁለቱ ሲደመሩም በ500 ሄርዝ አካባቢ ያለው ድምፅ አንዱ ሲገፋ ሌላው እየሳበ ይጠፋፋል። በላይኛው ማይክና በኪኩ ማይክ መካከል ያለው ልዩነት ብዙ ጊዜ ከዚህ ስለሚበልጥ ጉዳቱ ወደ ወፍራሙ ድምፅ ይወርዳል። ስለዚህ በመጀመሪያ በሚቀርጹበት ፕሮግራም የኪኩን ትራክ ፌዝ (የሞገዱን የመግፋትና የመሳብ አቅጣጫ) ገልብጠው ሁለቱን አብረው ያድምጡ፤ ኪኩ ይበልጥ የሚሞላበትን ይያዙ። ካልበቃዎት ኮንደንሰሩን ጥቂት ሳንቲ ሜትር ከፍ ወይም ዝቅ እያደረጉ ደግመው ይቅረጹ። ትራኩን በኮምፒውተር መግፋትም ይቻላል፤ እኔ ግን አስቀድሞ በእጅ የተስተካከለውን አብልጬ አምናለሁ።

ኮንደንሰሩን ከስኔሩ አንድ ሜትር ገደማ ከፍ አድርገው በድራመሩ ቀኝ ትከሻ በኩል፣ ወደ ስኔሩና ወደ ኪኩ ፔዳል እያየ እንዲቆም ያድርጉት። ሃይ ሃቱ (በእግር የሚከፈትና የሚዘጋው ጥንድ ሲምባል) ከበረታ ማይኩን ወደ ትልቁ ቶም ያስጠጉት። ማይኩ ሁለት ሲሆን የድምፁን ሚዛን የሚጠብቀው ድራመሩ ራሱ ነው፤ በተለይ በ6/8 በሚሄደው ችክችካ ሃይ ሃቱን በኃይል ከመታው ኋላ ለብቻው የሚቀንሱበት መንገድ የለዎትም። አንድ ደቂቃ አስመትተው ከቀረጹ በኋላ ድራመሩን ጠርተው አብራችሁ አድምጡ፤ የራሱን ምት ከውጭ ሲሰማ እጁን ያስተካክላል። ሌቭሉን (የሚቀረጸውን የድምፅ መጠን) ከፍተኛው ምት ከዜሮ፣ ማለትም ካርዱ ከሚችለው ጣሪያ፣ በታች 12 ዴሲቤል አካባቢ እንዲደርስ አድርገው በ24 ቢት ይቅረጹ።

ላይኛው ማይክ ክፍሉንም አብሮ ስለሚቀርጽ ክፍልዎ ከሌላ ማይክ ግዢ ይልቅ ትኩረት ይሻል። በዚህ ረገድ የእናንተ አገር ሀብታም ነው፤ ወፍራም የመንዝ ባና ከግድግዳው አንድ ስንዝር ያህል ራቅ ብሎ ሲሰቀል የሚያፏጨውን ነጸብራቅ በሚገባ ይውጣል፤ ወፍራሙን የኪክ ጉምጉምታ ግን አያቆምም። ኮርኒሱ ዝቅ ያለ ከሆነ የመጀመሪያውን ባና ከማይኩ በላይ ይወጥሩ። በሐምሌና በነሐሴ ቆርቆሮ ላይ የሚወርደውን ዝናብ ይህ ማይክ አሳምሮ ይሰማዋልና ቀረጻውን ሰማዩ ጋብ ባለበት ሰዓት ያድርጉ።

ሚክሰሩን ከተዋሱ ሦስተኛውን ማይክ ከትልቁ ቶም ጎን፣ ስኔሩን እያየ ያቁሙት። ከስኔሩ መሃል እስከ ላይኛው ማይክ ድረስ ሲባጎ ለክተው በዚያው ልክ ያርቁት። ከዚያ ላይኛውንና ሦስተኛውን ማይክ ሙሉ በሙሉ ወደ ግራ፣ ኪኩን ደግሞ ወደ ቀኝ በፓን (ድምፅን ወደ ግራ ወይም ወደ ቀኝ በሚያዞረው ቁልፍ) ወስደው ወደ ካርዱ ያስገቡ። ነገር ግን በግራ በኩል የተዋሃዱት ሁለቱ ማይኮች ከተቀረጹ በኋላ አይለያዩም፤ ስለዚህ መጠናቸውን አድምጠው ሳይወስኑ የመቅረጫውን ቁልፍ አይጫኑ።