ካነበባችሁ በኋላ ቃሉ የት ይሄዳል?

ውድ ልጆቼ፣

ወጣት አማኞች ደጋግመው የሚጠይቁኝ «በቀን ስንት ምዕራፍ ላንብብ?» እያሉ ነው። ጥያቄው ከቅን ልብ የመጣ ነው፤ አላጣጥለውም። እኔን ይበልጥ የሚያሳስበኝ ግን ሌላ ነው። ጠዋት ያነበባችሁት ቃል እኩለ ቀን ላይ የት አለ?

ኢየሱስ በዮሐንስ ወንጌል ምዕራፍ 15 «በእኔ ኑሩ» ካለ በኋላ፣ ቁጥር 7 ላይ «በእኔ ብትኖሩ ቃሎቼም በእናንተ ቢኖሩ» ይላል። ቃሉ እኛ ዘንድ እንዲቀመጥ ይፈልጋል። ብዙዎቻችን ግን በዓይናችን እናስገባውና ቦታ ሳንሰጠው እናሳልፈዋለን። የዕለቱ ጥቅስ ስልካችን ላይ ይመጣል፣ ደስ ይለናል፣ ለጓደኛ እንልከዋለን፣ በቃ። ትንሽ ቆይቶ «ምን ይል ነበር?» ብንባል አናስታውሰውም።

ይህን ለእነማን እንደተናገረ አስተውሉ። አልፎ የሚሰጥበት ሌሊት ነው። ይሁዳ ወጥቷል። የቀሩት አሥራ አንዱ ከጥቂት ሰዓታት በኋላ ትተውት ይሸሻሉ፤ ጴጥሮስም ሦስት ጊዜ ይክደዋል። ኢየሱስ ይህን ያውቃል፤ ለራሳቸውም ነግሯቸዋል። እንዲያም ሆኖ «በፍቅሬ ኑሩ» አላቸው። ስለዚህ በክርስቶስ መኖር ለጠንካሮች የተሰጠ ሽልማት አይምሰላችሁ። ለሳምንታት መጽሐፍ ቅዱስ ሳትከፍቱ ቆይታችሁ ከሆነ እናንተንም ይጠራችኋል። ያመለጣችሁን ንባብ ለማካካስ አትሩጡ። ዛሬ ካላችሁበት ጀምሩ።

ረጅም ዘመኔን ያሳለፍኩት በሕክምና ሙያ ነው። አንድ ሐኪም የሕመምተኛውን ካርድ ከዳር እስከ ዳር አንብቦ፣ የላቦራቶሪውን ውጤት ሁሉ በቃሉ ይዞ፣ ፊቱ የተቀመጠውን ሰው ግን ቀና ብሎ ላያየው ይችላል። መጽሐፍ ቅዱስም እንዲህ ሊነበብ ይችላል። ዮሐንስ 5፥39 እና 40 ላይ ኢየሱስ የሚወቅሳቸው ሰዎች መጻሕፍትን የሚመረምሩ ትጉዎች ነበሩ። መጻሕፍቱ ስለ እርሱ ይመሰክራሉ፤ እነርሱ ግን ወደ እርሱ መምጣት አልፈለጉም። ይህ አደጋ ከሰነፍ አንባቢ ይልቅ ጎበዙን ያገኘዋል። ጥቅስ በቃላችሁ የምትወጡ፣ ጥናት የምትመሩ፣ በክርክር የማትረቱ ልጆቼ፣ እባካችሁ ይህን ደጋግማችሁ አስቡበት። ሰይጣንም እኮ ኢየሱስን ሲፈትነው ከመዝሙር ጠቅሷል።

ታዲያ እንዴት እናንብብ? እኔን የረዳኝ መዝሙር 119 ነው። 176 ቁጥር አለው፤ ከመጽሐፍ ቅዱስ ምዕራፎች ሁሉ ረጅሙ ነው። ከመጀመሪያ እስከ መጨረሻ ስለ እግዚአብሔር ቃል ያወራል። ነገር ግን ከጥቂት ቁጥሮች በቀር የሚያወራው ለእግዚአብሔር ለራሱ ነው። «ሕግህ»፣ «ቃልህ»፣ «ትእዛዝህ» እያለ ፊቱ ቆሞ ይናገራል። እናንተም እንዲሁ አድርጉ። ትንሽ ክፍል በዝግታ አንብቡና አንዱን ዓረፍተ ነገር ወደ ጸሎት መልሱት። «ያለ እኔ ምንም ልታደርጉ አትችሉም» የሚለውን ካነበባችሁ፣ «ጌታ ሆይ፣ ዛሬ ያለ አንተ ልሠራው ያሰብኩት ምንድን ነው?» ብላችሁ ጠይቁት። ከዚያ ያንን ዓረፍተ ነገር ይዛችሁ ውጡ። መንገድ ላይ፣ ሰልፍ ላይ፣ ከስብሰባ በፊት መልሳችሁ አስቡት። መዝሙር 1 በቀንና በሌሊት ማሰብ የሚለው ይህን ይመስለኛል። ያነበባችሁት ምዕራፍ ብዛት ቢያንስ አትጨነቁ።

ቃሉ እውነት እንደተቀመጠ የሚታወቀው ግን በመታዘዝ ነው። ዮሐንስ 15 ቁጥር 10 ይህን በግልጽ ይናገራል፤ ትእዛዙን የሚጠብቅ በፍቅሩ ይኖራል። ጠዋት ስለ ይቅርታ አንብባችሁ ማታ ያንን የተቀየማችሁትን ሰው ስልክ አላነሳም ብትሉ፣ ቃሉ በር ላይ ቆሟል ማለት ነው። ብዙ ጊዜ አዲስ ጥቅስ ፍለጋ የምንሮጠው የድሮውን መታዘዝ ስላልፈለግን ነው። ይህን የምለው ልኮንናችሁ አይደለም፤ ቁጥር 11 ላይ ኢየሱስ ይህን ሁሉ የነገራቸው ደስታቸው ፍጹም እንዲሆን መሆኑን ይናገራልና እናንተም ይህ ደስታ እንዳያመልጣችሁ ስለምፈልግ ነው።

ምንም የማይሰማችሁ ቀን ይመጣል። እንዲያውም ወር። ኢየሱስ በዚያው በዮሐንስ 15 ራሱን የወይን ግንድ፣ እኛን ቅርንጫፎች ብሎናል፤ ቅርንጫፍ ደግሞ ግንዱ ላይ መሆኑን በስሜት አያረጋግጥም። በዚያን ጊዜም አንብቡ፣ በዚያን ጊዜም ጸልዩ።

ብቻችሁን ግን አትሁኑ። በሐዋርያት ሥራ 8 ላይ ያለው ኢትዮጵያዊ ጃንደረባ ሰረገላው ላይ ተቀምጦ ኢሳይያስን ያነብ ነበር። ፊልጶስ «የምታነበውን ታስተውለዋለህን?» ሲለው፣ የሚመራኝ ሳይኖር እንዴት ይቻለኛል አለ። ባለሥልጣን ነበር፤ መጠየቅ አላሳፈረውም። ፊልጶስም ከዚያው ክፍል ተነስቶ ስለ ኢየሱስ ነገረው። እናንተም የሚያነብላችሁና የምታነቡለት ሰው ይኑራችሁ።

ከየት እንጀምር ለምትሉ፣ ከዮሐንስ 13 እስከ 17 ያሉትን አምስት ምዕራፎች ያዙ። ለአንድ ወር ሌላ አትጨምሩ። ሲያልቁ ከመጀመሪያው ጀምሩ፤ ምዕራፍ 15ን በቃላችሁ ያዙ፤ ያልገባችሁን ጽፋችሁ በእምነት የሚበልጣችሁን ሰው ጠይቁ።