ስለ ፍራንሲስ ማሪየን

እህቴ፣ «ድምፅ አልባ ፊልም በነበረበት ዘመን ሆሊውድ ውስጥ ሴት የፊልም ደራሲ ነበረች ወይ?» ላልሽው፦ ነበሩ፣ ያውም ብዙ። እኔ ግን ከሁሉም ፍራንሲስ ማሪየንን አስቀድማለሁ። እ.ኤ.አ. በ1888 ሳን ፍራንሲስኮ ተወለደች፤ ሙያውን የቀሰመችው ከሴት ዳይሬክተር፣ ከሎይስ ዌበር ነው። ከዚያ ለልብ ጓደኛዋ ለተዋናይት ሜሪ ፒክፎርድ መጻፍ ጀመረች።

በ1928 ባሏ ፍሬድ ቶምሰን በቴታነስ ሞተባት፤ ሁለት ትንንሽ ልጆች ይዛ ቀረች። ብዕሯን ግን አላስቀመጠችም። ስለ እስረኞች ልትጽፍ ስትነሳ ቢሮ ተቀምጣ አልገመተችም፤ ሳን ኩዊንቲን ወኅኒ ቤት ድረስ ሄዳ ኑሯቸውን በዓይኗ አየች። ያ ሥራ፣ «ዘ ቢግ ሃውስ»፣ በ1930 ኦስካር አስገኘላት፤ በድርሰት ዘርፍ የተሸለመች የመጀመሪያዋ ሴት እሷ ናት። በ«ዘ ቻምፕ» ደግሞ ደገመችው።

እኔን በጣም የሚነካኝ ግን ሌላ ነው። ማሪ ድሬስለር የምትባል አንጋፋ ተዋናይት ሥራ አጥታ፣ ተረስታ ነበር። ማሪየን ለእሷ የሚስማማ ገጸ ባሕርይ እየፈጠረች ወደ ስክሪን መለሰቻት፤ ድሬስለርም ማሪየን በጻፈችው «ሚን ኤንድ ቢል» የምርጥ ተዋናይት ኦስካር ወሰደች። ስልሳ ዓመት አልፏት!