የሰርግ ፎቶዎችን ለማጥናት ከየት ልጀምር ላልሽው እህቴ

«የሌቭ ማኖቪችን ሐሳብ ይዤ የሰሜን ሸዋ የሰርግ ፎቶዎችን ማጥናት እፈልጋለሁ፤ ከየት ልጀምር?» ብለሽ ጠይቀሻል። እኔም ከጥቂት ዓመታት በፊት በዚሁ መንገድ ስለሄድኩ የተሳሳትኩበትን ጭምር ልንገርሽ።

ማኖቪች የዲጂታል ባህል ተመራማሪ ነው፤ እ.ኤ.አ. በ2001 ባሳተመው መጽሐፍ የአዲስ ሚዲያን፣ ማለትም በኮምፒውተር የሚሠሩ ምስሎችንና ሌሎች ሥራዎችን፣ አምስት መርሖዎች ዘርዝሯል። ብዙ ተማሪ አምስቱን በየፎቶው ላይ እየለጠፈ ገጽ ይሞላል፤ አንቺ እንዲህ አታድርጊ። የሚጠቅምሽ የኋለኛው ሥራው ነው፤ ምስሎችን በሺህ ደርድሮ በአንድ ጊዜ ማየት። ከባልደረባው ጋር ሆኖ እ.ኤ.አ. ከ1923 እስከ 2009 የወጡ 4,535 የታይም መጽሔት ሽፋኖችን በየዓመታቸው ደርድሮ የቀለማቸውን ለውጥ አሳይቷል። ምስሎችን እንዲህ የሚደረድረው ኢሜጅፕሎት የተባለው ፕሮግራማቸው በነፃ ይገኛል፤ የእኔ አሮጌ ኮምፒውተርም ችሎታል።

እኔ በደብረ ብርሃንና በመንዝ መሐል ሜዳ ከሚኖሩ ዘመዶቼ ቤት ያገኘኋቸውን የሰርግ ፎቶዎች በስልክ አንስቼ በቀናቸው ደረደርኩ። የብዙ ዘመን ሰርግ ሁሉ በአንድ ሳምንት ውስጥ ገብቶ ቁጭ አለ። ስልኩ የሚመዘግበው እኔ ያነሳሁበትን ቀን እንጂ የሰርጉን ቀን አይደለም። ከየፎቶው ጀርባ በእጅ የተጻፈውን ዓመተ ምሕረት እየለቀምኩ እንደገና ጀመርኩ።

ሁለተኛው ስሕተት አሁንም ይቆጨኛል። በቀለማቸው ስደረድራቸው የመሐል ሜዳዎቹ ፎቶዎች ቡናማ ሆነው ለብቻቸው ተሰበሰቡ። «የመንዝ ፎቶ አንሺዎች የቀለም ምርጫ» ብዬ ሦስት ገጽ ጻፍኩ። ረቂቁን ለአክስቴ ሳነብላቸው ተነሥተው ፎቶዎቹ የተሰቀሉበትን ግድግዳ አሳዩኝ፤ ከምድጃው በላይ ነበር። ለካ ጭስ ነው! በነጠላ ተጠቅልሎ ሣጥን ውስጥ የኖረው የዚያው ሰርግ ሌላ ቅጂ ቀለሙ አልተነካም፤ የሙሽራው በርኖስ ጥቁር፣ የሙሽሪት ቀሚስ ነጭ እንደሆነ አለ። ኮምፒውተሩ በትክክል የለካውን የምድጃ ጭስ እኔ የፎቶ አንሺ ምርጫ አድርጌ ጻፍኩት።

ስለዚህ እያንዳንዱ ፎቶ የት ተሰቅሎ ወይም የት ተቀምጦ እንደኖረ የምትጽፊበት ዓምድ ከመጀመሪያው ቀን በሰንጠረዥሽ ላይ ክፈቺ። ማኖቪችና ባልደረቦቹም በሰልፊሲቲ ጥናታቸው ከአምስት ከተሞች 640፣ 640 የራስ ፎቶዎችን ሲመርጡ የትኛው በእርግጥ የራስ ፎቶ እንደሆነ መለየቱን ለማሽን ብቻ አልተዉትም፤ ሰዎችን ቀጥረው አስለይተዋል። ለአንቺ እናቶቹ አሉልሽ፤ የሚዜውን ስም፣ ልብሱን ከማን እንደተዋሱ ሁሉ ያስታውሳሉ። ፎቶ ከግድግዳ ከማውረድሽ በፊት ፈቃድ ጠይቂ። ከሙሽሮቹ አንዱ በሕይወት ከሌለ ደግሞ ቡናው ሦስተኛው እስኪደርስ ስለ ፎቶው አትጠይቂ። የእኔን ሰንጠረዥ ከፈለግሽው እልክልሻለሁ።