ጥቅሌን ማን በላው?

ከደሴ አንድ የሁለተኛ ደረጃ መምህር እንዲህ ሲሉ ጠይቀውኛል፦ «ላፕቶፔ ዊንዶውስ 11 ነው። ኢንተርኔት የማገኘው ከስልኬ ሆትስፖት ነው። ባለፈው ረቡዕ ጠዋት 1 ጊጋ ጥቅል ገዛሁ። ላፕቶፑን ከፍቼ ቁርስ በልቼ ስመለስ ጥቅሉ የለም። አንድም ነገር አልከፈትኩም። ጎረቤቴ ዊንዶውስ በድብቅ ወደ ማይክሮሶፍት መረጃ ይልካል ይላል። አንድ ጠጋኝ ደግሞ የሚልከውን ነገር በ500 ብር ነቅዬ ላውጣልዎት ብሎኛል። እኔን ያሳሰበኝ ብሩ አይደለም። የፈተና ጥያቄ የማወጣው በዚሁ ላፕቶፕ ነው። ጥያቄዎቼም አብረው እየሄዱ ይሆን?»

መምህር፣ 500 ብሩ ለጊዜው ኪስዎ ይቆይ።

ጎረቤትዎ አልዋሹም። ዊንዶውስ ይልካል። ግን ጥቅልዎን የበላው ሌላ ነው። ጥያቄዎችዎን ሊወስድ የሚችለው ደግሞ ሌላ ሦስተኛ ነገር ነው። እኔ ጋ የሚመጣው ሰው ሁሉ ሦስቱን አንድ ላይ አድርጎ «ቫይረስ ነው» ይለኛል።

መጀመሪያ ጥቅሉን እንይ። ሴቲንግስ ይክፈቱ። «ኔትወርክ ኤንድ ኢንተርኔት»፣ ቀጥሎ «አድቫንስድ ኔትወርክ ሴቲንግስ»፣ ቀጥሎ «ዳታ ዩሴጅ» ይበሉ። ባለፉት 30 ቀናት የትኛው ፕሮግራም ስንት እንደበላ ተዘርዝሮ ያገኙታል። ከላይ «ሲስተም» የሚል ስም ትልቅ ቁጥር ይዞ ከተቀመጠ ብዙ ጊዜ አፕዴት፣ ማለትም የዊንዶውስ ማሻሻያ ነው።

«ረቡዕ ጠዋት» ማለትዎ ራሱ ጥርጣሬዬን ጨምሮታል። ማይክሮሶፍት የወሩን አፕዴት የሚለቀው በፈረንጆቹ ወር ሁለተኛው ማክሰኞ ላይ ነው። በእኛ ሰዓት ማክሰኞ ማታ 2 ወይም 3 ሰዓት ገደማ ይሆናል። ረቡዕ ጠዋት ላፕቶፑን የከፈተ ሰው ሲጠብቀው ያገኘዋል። የአንድ ወር አፕዴት ብዙ መቶ ሜጋባይት ነው፤ አንዳንዴም ከዚያ ያልፋል። «ዊንዶውስ አፕዴት» ውስጥ «አፕዴት ሂስትሪ» ገብተው ቀኑን ያስተያዩት። ያ ከሆነ ከእርስዎ የሄደ ነገር የለም፤ ወደ እርስዎ የመጣ ነው።

መፍትሔው አንድ ማብሪያ ናት። ከስልክዎ ሆትስፖት ጋር እንደተገናኙ «ዋይፋይ» ውስጥ የሆትስፖቱን «ፕሮፐርቲስ» ይክፈቱና «ሜተርድ ኮኔክሽን» የሚለውን ያብሩ። ዊንዶውስ ብዙ ጊዜ ሆትስፖትን እንደ ተራ ዋይፋይ ነው የሚያየው። በጥቅል መሆንዎን ካልነገሩት አያውቅም። ከነገሩት አብዛኛውን አፕዴት በራሱ አያወርድም። አንድ ትምህርት ቤት ወይም ዘመድ ቤት ጥሩ ዋይፋይ ሲያገኙ ግን አስቀምጠው ያውርዱት። እ.ኤ.አ. በግንቦት 2017 ዓለምን ያመሰውን ዋናክራይ የሚባለውን ቫይረስ ያስታውሱ ይሆናል። መከላከያው ከሁለት ወር በፊት፣ በመጋቢት ወጥቶ ነበር። ብዙ የተመታው ያን ያልጫነው ነው።

አሁን ወደ ጎረቤትዎ እንምጣ።

ዊንዶውስ የሚልከው ሁለት ዓይነት ነው። አንዱ የግዴታ ነው። የላፕቶፑ ሞዴል፣ የሜሞሪው መጠን፣ የድራይቨሮቹ ዓይነት፣ አፕዴቱ ተሳካ ወይስ ከሸፈ፣ እንዲህ ያለ ነገር። ማይክሮሶፍቶች ይሄን የሚፈልጉት በከንቱ አይደለም። የዊንዶውስ ኮምፒውተር በሺህ ዓይነት ዕቃ የተገጣጠመ ነው። አንድ አፕዴት በአንድ ዓይነት ዋይፋይ ካርድ ላይ ብቻ ሲበላሽ ማወቂያቸው ይሄ ነው። ሁለተኛው በፈቃድዎ የሚሄደው ነው። የትኛውን ፕሮግራም ምን ያህል እንደተጠቀሙ፣ ኤጅ በሚባለው የማይክሮሶፍት ድረ ገጽ መክፈቻ የትኛውን ድረ ገጽ እንደጎበኙ፣ ሰፋ ያለ የብልሽት ሪፖርት። እዚህ ላይ እርስዎን የሚመለከት ነገር አለ። ኮምፒውተሩ ስታክ ሲያደርግ በዚያች ቅጽበት ሜሞሪው ውስጥ የነበረው ሊላክ ይችላል። ሲሠሩበት የነበረው ፋይል ቁራጭ ሳይታሰብ አብሮ ሊገባ እንደሚችል ማይክሮሶፍት ራሱ ጽፎታል። ፈተና የሚያወጣ ሰው ይሄን ማብራት የለበትም። «ፕራይቬሲ ኤንድ ሴኩሪቲ»፣ «ዳያግኖስቲክስ ኤንድ ፊድባክ» ውስጥ «ሰንድ ኦፕሽናል ዳያግኖስቲክ ዳታ» የምትለዋን ያጥፉ። እዚያው ታች «ዲሊት» የሚል አለ፤ እስካሁን የተሰበሰበውን ያስጠፉበታል።

የግዴታውን ማጥፋት አይቻልም፤ በቤት ዊንዶውስ ላይ። የድርጅትና የትምህርት ቤት ዕትም የያዘ ግን ያጠፋዋል። ይሄ እኔንም ያበሽቀኛል። ለትልቅ ድርጅት የሚቻል ነገር ለእኔ ለምን አይቻልም? የተበሳጨሁት እኔ ብቻም አይደለሁም። የፈረንሳይ የመረጃ ጥበቃ ባለሥልጣን በ2016፣ የኔዘርላንድስ ደግሞ በ2017 (በፈረንጆቹ) በዊንዶውስ 10 ላይ «ከልክ በላይ ትሰበስባላችሁ፣ ለሰውም በቅጡ አትነግሩም» ብለው ማይክሮሶፍትን ይዘውት ነበር። አሁን ማብሪያዎቹ በግልጽ የተቀመጡት በዚህ ዓይነት ግፊት ጭምር ነው።

በወሬ ከመኖር ግን ዓይቶ ማረፍ ይሻላል። እዚያው ገጽ ላይ «ቪው ዳያግኖስቲክ ዳታ» የሚል አለ። ሲያበሩት እስከ 1 ጊጋ የዲስክ ቦታ ይይዛል። ከማይክሮሶፍት ስቶር የሚያወርዱት መመልከቻ አለው። በግራ የተላኩት መልእክቶች ዝርዝር ይወርዳል፤ አንዱን ሲነኩ በቀኝ ዝርዝሩ ይከፈታል። ቅንፍና ቁጥር የበዛበት ነው፤ እንደ ልብ ወለድ አይነበብም። ግን የላፕቶፕዎን ሞዴል በዓይንዎ ያገኙታል። ከግዴታው ጋር ፎቶ አይላክም፣ ዎርድ ፋይል አይላክም። አይተው ሲጨርሱ ያጥፉት፤ ተጨማሪ ቦታ እንዳይበላ።

ከዚህ ሌላ ትናንሽ መልእክቶችም አሉ። አንዷን እወዳታለሁ። ላፕቶፑ ከዋይፋይ ጋር ሲገናኝ ከማይክሮሶፍት አንዲት ጽሑፍ ያመጣል። ውስጧ «ማይክሮሶፍት ኮኔክት ቴስት» የሚል በእንግሊዝኛ ተጽፏል፤ ክፍት ቦታውን ጨምሮ 22 ፊደል። ከመጣች ኢንተርኔት አለ ማለት ነው። ካልመጣች «ኖ ኢንተርኔት» ይልዎታል። በቃ ሥራዋ ይሄው ነው።

ወደ ጠጋኙ የ500 ብር ሥራ የወሰደኝም እሷ ናት። በዚህ ዓመት ብቻ «ሁሉን ነቃይ» ፕሮግራም የተጫነባቸው ጥቂት ላፕቶፖች ወደ እኔ መጥተዋል። አንዱ ኢንተርኔቱ እየሠራ «ኖ ኢንተርኔት» ይላል። ያቺን 22 ፊደል ዘግተውበታል። ሌላው አፕዴት አይቀበልም፣ ስቶሩም አይከፈትም። የማይክሮሶፍትን አድራሻዎች «ሆስትስ» በሚባለው ፋይል ከዘጉ ደግሞ የዊንዶውስ ጸረ ቫይረስ የሆነው ዲፌንደር ራሱ እንደ አደጋ ቆጥሮ ይጮኻል። ያን ጩኸት ለማስቆም ዲፌንደሩን ያጠፋሉ። ከማያውቁት ሰው ፍላሽ የመጣ ፕሮግራም ሙሉ ሥልጣን ይዞ፣ ጠባቂው ተኝቶ። ከዚያ ወዲያ ስለ ማይክሮሶፍት መጨነቅ ምን ይፈይዳል?

የፈተናው ነገር ይቀራል። እውነተኛው ሥጋት እዚህ ነው።

ከሰዓቱ አጠገብ፣ ስክሪኑ ታች በቀኝ በኩል ትንሽ ደመና አለች? ዋንድራይቭ ናት፤ የማይክሮሶፍት የኢንተርኔት ላይ ፋይል ማከማቻ። ላፕቶፑ አዲስ ሲከፈት በማይክሮሶፍት አካውንት ከገቡ ዴስክቶፕዎን፣ ዶክመንትስንና ፒክቸርስን ወደ ራሷ ማከማቻ ልትገለብጥ ትችላለች። በነፃ የምትሰጠው 5 ጊጋ ነው። ይሄ ስለላ አይደለም፤ ላፕቶፑ ቢሰረቅ ፋይልዎ እንዳይጠፋ ነው። ግን የፈተና ጥያቄዎን ዴስክቶፕ ላይ ካስቀመጡ ሙሉ ፋይሉ ሄዷል። አካውንትዎ የልጆች ስልክ ላይ ተከፍቶ ከሆነ ደግሞ እዚያም ይታያል።

ደመናዋን ይንኩ፣ ሴቲንግስ፣ «ሲንክ ኤንድ ባካፕ»፣ «ማኔጅ ባካፕ»፤ ከዚያ ዴስክቶፕንና ዶክመንትስን ያጥፉ። ከመንካትዎ በፊት ግን ፋይሎችዎን ወደ ፍላሽ ይገልብጡ። ሲያጠፉት አንዳንዴ ፋይሎቹ ዋንድራይቭ ፎልደር ውስጥ ይቀራሉ፤ ዴስክቶፑ ባዶ ሆኖ ሲያዩት ልብዎ ቀጥ ይላል። አልጠፉም፣ እዚያ ናቸው። መጀመሪያ ወደ ዴስክቶፕ ይመልሷቸው፤ ከዚያ በዋንድራይቭ ድረ ገጽ ገብተው የሄዱትን ይሰርዙ፤ «ሪሳይክል ቢኑንም» ባዶ ያድርጉ።

የፈተናውን ፋይል ለብቻው ይቆልፉት። ዎርድ ውስጥ «ፋይል»፣ «ኢንፎ»፣ «ፕሮቴክት ዶክመንት»፣ «ኢንክሪፕት ዊዝ ፓስዎርድ»። ከዚያ በኋላ በማንም እጅ ቢገባ ያለ ፓስዎርዱ አይነበብም። ፓስዎርዱን ወረቀት ላይ ጽፈው ቤትዎ ያስቀምጡ። ከረሱት እኔም አልከፍትልዎትም።