ድሪሉን ይጠቀሙበት፤ የመጨረሻውን ዙር ግን በእጅ

እህታችን፣ ከአይኪያ የቤት ዕቃ መደብር የገዙትን ባለ ስድስት መሳቢያ ኮመዲኖ በባለቤትዎ ድሪል ቢገጥሙት ቺፑዱ ይሰነጠቅ እንደሆነ ጠይቀዋል። እኔ እዚህ ሜሪላንድ ውስጥ በየሰው ቤት እየዞርኩ በካርቶን የሚመጣ የቤት ዕቃ በመግጠም ነው የምተዳደረው። ድሪሉን ይጠቀሙበት፤ ጉልበቱን ግን አስቀድመው ይገድቡት።

ቺፑድ እንደ ጥድ ወይም እንደ ዋንዛ ሳንቃ አይደለም። የተፈጨ እንጨት በሙጫ ተጨፍልቆ የተሠራ ነው። ብሎኑ ከጠበቀ በኋላ አንድ ዙር ከተጨመረበት የያዘው እንጨት ውስጥ ለውስጥ ይፈጫል፤ ከዚያ ወዲያ ብሎኑ ባዶውን ይዞራል። እጅ መጥበቁ ይታወቀዋል፣ ሞተር ግን አይታወቀውም።

በድሪሉ አንገት ላይ ቁጥር የተጻፈበት ቀለበት አለ። ቁጥሩ ባነሰ መጠን ድሪሉ ቶሎ እየተንቀጫቀጨ መግፋቱን ያቆማል። ከ2 ወይም ከ3 ይጀምሩ፤ ብሎኑ ሳይገባ ካቆመ አንድ ቁጥር ይጨምሩ። የፑንታ ሥዕል ያለበት ላይ ፈጽሞ አያድርጉት፤ እዚያ ላይ የሚገታው ነገር የለም። የፍጥነት መምረጫ ካለው 1 ላይ ይሁን። መሣሪያው ቀለበት የሌለው፣ እየመታ የሚያጠብቅ ዓይነት ከሆነ ግን ለዚህ ሥራ አይሆንም።

ብዙ ሰው የማያስተውለው የብሎኑን ራስ ነው። አይኪያ የሚልካቸው ባለ መስቀል ብሎኖች አብዛኞቹ ፖዚድራይቭ የሚባሉት ናቸው፤ በመስቀሉ ክንዶች መካከል ቀጫጭን ሰረዞች ይታይባቸዋል። አሜሪካ ውስጥ በየቤቱ የሚገኘው የድሪልና የካቻቢቴ ጫፍ ደግሞ ፊሊፕስ ነው። ፊሊፕሱ እዚያ ውስጥ ይንሸራተታል፣ የብሎኑን ራስ ይበላዋል፣ ሲያመልጥም ነጩን ገጽ ይቧጭረዋል። ፒዜድ 2 (PZ2) የተጻፈበትን የፖዚድራይቭ ጫፍ ይግዙ፤ ዋጋው ትንሽ ነው፣ የሚያድነው ግን ብዙ።

ሁሉንም ብሎን በእጅ ያስጀምሩ፤ ድሪሉ መካከሉን ይሥራ፣ መጨረሻውን በካቻቢቴ ይጨርሱት። ሁለት ነገሮች ላይ ግን ድሪሉን ጨርሶ አያስጠጉት። አንደኛው የብረቱን ዘንግ የሚይዘው ክብ መቆለፊያ ነው። ቀስቱ ዘንጉ ወደሚገባበት ጎን ዞሮ ይቀመጣል፣ ግማሽ ዙር ያህል በእጅ ሲዞር ይቆለፋል፤ በሞተር ሲጠመዘዝ ግን ይሰበራል። ሁለተኛው የመሳቢያ ሐዲዶቹ አጫጭር ብሎኖች ናቸው። ቀዳዳው ከተበላሸ ደግሞ አይደንግጡ፤ የእንጨት ኮላና የጥርስ መፋቂያ ስንጥር ሞልተው ያሳድሩት፣ በማግስቱ በእጅ ያስገቡት።

የጀርባውን ስስ ሰሌዳ ከመምታትዎ በፊት ሳጥኑን ከማዕዘን ወደ ተቃራኒው ማዕዘን በሰያፍ፣ በሁለቱም አቅጣጫ በሜትር ይለኩ። ሁለቱ ልኮች እኩል ካልሆኑ መሳቢያዎቹ ኋላ ያስቸግሩዎታል።

አሁን ድሪሉ በእውነት ወደሚያስፈልግበት ቦታ ልምጣ። እባክዎ ኮመዲኖውን ከግድግዳ ጋር አስረው ያቁሙት። በ2016 አይኪያ አሜሪካ ውስጥ 29 ሚሊዮን ያህል ኮመዲኖዎችንና የመሳቢያ ሳጥኖችን እንዲመለሱ የጠራው፣ ከግድግዳ ያልታሰሩት እየተገለበጡ ሕፃናትን ስለገደሉ ነው። ልጅ መሳቢያዎቹን ስቦ እንደ ደረጃ ይወጣባቸዋል። ማሰሪያው ከካርቶኑ ውስጥ አለ፤ ብዙ ቤት ስሄድ ግን ሳይከፈት ተጥሎ አገኘዋለሁ፣ ይህም በጣም ያሳዝነኛል። የግድግዳው ጂፕሰም ብቻውን ስለማይይዝ ከጀርባው ያለውን ቋሚ እንጨት ይፈልጉ፤ አብዛኛውን ጊዜ ቋሚዎቹ በ16 ኢንች፣ ማለትም በ40 ሴንቲ ሜትር ያህል ርቀት ላይ ናቸው። በ3 ሚሊ ሜትር ፑንታ መንገድ ከፍተው ረጅሙን ብሎን ያስገቡ፤ ለዚህ ድሪሉን ጉልበት ቢጨምሩለትም አይጎዳም። አከራዩ ቀዳዳ አይፈቅድም ብለው እንዳይተዉት፤ ቤቱን ሲለቁ በስቱኮ ይደፈናል። ሲጨርሱ የኮመዲኖውን አናት ይዘው ወደ ራስዎ በኃይል ይሳቡት። ብሎኑ ከተነቃነቀ ቋሚውን ስቶታልና ነቅለው ጥቂት ወደ ጎን ፈቀቅ አድርገው እንደገና ይሞክሩ።