ሞተሩን ለመግዛት አትቸኩዪ

ደብዳቤው የመጣልኝ ከተመረቀች ሁለት ዓመት ከሆናት የጥርስ ሐኪም ነው። በምትሠራበት ክሊኒክ ሩት ካናል (የጥርስ ሥርን ቦይ ማጽዳትና መሙላት) የሚሠራው በእጅ ፋይል፣ ማለትም ቦዩን በሚሞርድ ቀጭን መሣሪያ፣ ብቻ ነው። አሁን የተሻለ ደመወዝ ያለው ክሊኒክ ለቃለ መጠይቅ ጠርቷታል፤ ማስታወቂያው ግን «የሮታሪ ልምድ»፣ ማለትም በሞተር በሚዞር ፋይል የመሥራት ልምድ፣ ይጠይቃል። ሦስት ሳምንት ቀርቷታል። «ያጠራቀምኩትን አውጥቼ ሞተር ልግዛ ወይስ ይቅርብኝ? ለጠማማ ሥር የትኛው ፋይል እንደሚሻል ሳነብ ደግሞ አንዱ ያሞገሰውን ሌላው ያጣጥለዋል፤ ግራ ገባኝ» ትላለች።

እህቴ፣ ቃለ መጠይቁን ሂጂበት። ገንዘብሽን ግን ያዢ። ሞተርና ፋይል አብረው ነው የሚሄዱት፤ ፍጥነቱና ቶርኩ (የማዞር ኃይሉ) እንደ ፋይሉ ይለያያል። ክሊኒኩ የሚጠቀመው ሌላ ዓይነት ከሆነ የገዛሽው መሳቢያ ውስጥ ይቀራል። ደግሞም ጠያቂዎችሽ ሐኪሞች ከሆኑ፣ ማወቅ የሚፈልጉት ጠማማ ሥር ሲገጥምሽ ምን እንደምታስቢ ነው።

ከምታውቂው እንነሳ። 10 ቁጥሯ ኬ ፋይል፣ የተለመደችው የእጅ ፋይል፣ ጫፏ ላይ 0.10 ሚሊሜትር ናት። ወደ ላይ በየሚሊሜትሩ 0.02 ትወፍራለች። ቀጭን ስለሆነች የቦዩን ጠመዝማዛ ተከትላ ትገባለች። ስታወጫት ጫፏን መብራት ላይ አድርገሽ እዪ። ጎብጣ ትወጣለች። ያ ጉብጠት ወደ የት እንደሚታጠፍ ይነግርሻል። ኤክስሬይ ይህን ሁሉ አያሳይም። የላይኛው መንጋጋ ጥርስ የላንቃ ሥር ብዙ ጊዜ ወደ ጉንጭ ይታጠፋል፤ ፊልሙ ላይ ግን ቀጥ ያለ ይመስላል። አንቺ ሁለት ዓመት ሙሉ ይህን በጣትሽ ስታነቢ ቆይተሻል። እባክሽ «በእጅ ብቻ ነው የሠራሁት» እያልሽ አታሳንሺው።

የእጅ ፋይሉ ስቲል ችግር የሚያመጣው ሲወፍር ነው። 25 ቁጥር ላይ ስትደርሺ ግትር ይሆናል፤ ቀጥ ማለት ይፈልጋል። ጫፉ የውጭውን ግድግዳ ይበላል፣ ወገቡ ደግሞ የውስጡን። አንዳንዴ ደረጃ ይሠራና ከዚያ በኋላ ፋይል አልወርድ ይላል። አንዳንዴ በሥሩ ጫፍ ያለውን መውጫ ያሰፋዋል። ከሁሉ የምፈራው የታችኛውን መንጋጋ ጥርስ የፊተኛ ሥር ነው። ከኋለኛው ሥር ጋር የሚተያየው ግድግዳው ስስ ነው፤ ሳይታወቅሽ ሊበሳ ይችላል።

ሮታሪ ፋይሎች የሚሠሩበት ኒኬል ቲታኒየም የተባለው ቅይጥ ብረት ይህን ነው ያቃለለው። ቅይጡ የተገኘው በአሜሪካ ባሕር ኃይል ቤተ ሙከራ ነው። በ1988 እ.ኤ.አ. ዋሊያና ባልደረቦቹ ከጥርስ ማስተካከያ ሽቦ 15 ቁጥር ፋይል ሠርተው ሞከሩት። ስቲል 1 በመቶ እንኳ ሳይሳብ ጎብጦ ይቀራል። ኒኬል ቲታኒየም ግን እስከ 8 በመቶ ተስቦ ወደነበረበት ይመለሳል። ስለዚህ በሞተር እየዞረም ጠማማውን ተከትሎ ይሄዳል፤ ቦዩ መሐሉን ይዞ ይሰፋል።

ዋጋው ስብራት ነው። እኔ የመጀመሪያውን ሮታሪ የሰበርኩት እዚያው የታችኛው መንጋጋ የፊተኛ ሥር ውስጥ ነው። በእጅ ፋይል እስከ 15 ቁጥር መንገዱን ሳልጠርግ ሞተሩን አስገባሁ። ድምፅ እንኳ አልሰማሁም። ሳወጣው ፋይሉ አጥሯል። ለታካሚዋ እዚያው ወንበሩ ላይ ነገርኳት፣ ኤክስሬዩን አሳየኋት፣ ለስፔሻሊስት ላክኋት። ከዚያ ቀን ወዲህ 15 ቁጥሯ ያለ ጭንቅ እስከ ልኩ ወርዳ ካልወጣች ሞተር አላስነሳም። ሮታሪ መንገድ አይከፍትም። የተከፈተውን ነው የሚያሰፋው።

ፋይል የሚሰበረው በሁለት መንገድ ነው። አንደኛው ጫፉ ተይዞ እጀታው መዞሩን ሲቀጥል ነው። ሁለተኛው ድካም ነው። በደቂቃ 300 ዙር ማለት በሴኮንድ 5 ዙር ነው፤ በየዙሩ የብረቱ አንዱ ጎን ይሳባል፣ ይጨመቃል። በጠማማው ቦታ ላይ ቁጭ ብለሽ ስታዞሪው እንደ ሽቦ እያጠፍሽ እየመለስሽው ነው። ስለዚህ አታቁሚው፤ ገባ ወጣ አድርጊው፣ በየመሐሉ ጥረጊው፣ ቦዩን እጠቢ። ሬሲፕሮክን የመሳሰሉት ወዲያና ወዲህ የሚሉ ፋይሎች 150 ዲግሪ ይቆርጡና 30 ይመለሳሉ፤ በሦስት ምት አንድ ሙሉ ዙር ይሞላሉ። ይህ ድካሙን ይቀንሰዋል። በሙቀት የታከሙት አዲሶቹ ደግሞ ለስለስ ያሉ ናቸው፤ ቀድመሽ ልታጎብጫቸው ትችያለሽ። አፉን በደንብ መክፈት ለማይችል ታካሚ የኋላ ጥርስ ይህ ትልቅ እፎይታ ነው። የፋይሎቹ ጠመዝማዛ ስለት ሲፈታ ካየሽ ግን ወዲያው ጣያቸው።

ፋይሎችን የሚያወዳድሩት ጥናቶች የሚጋጩብሽ የለኩት ነገር ስለሚለያይ ነው። አንዱ በፕላስቲክ ብሎክ ላይ ይሠራል፤ ፕላስቲክ እንደ ጥርስ አይጠነክርም፣ በሙቀትም ይለሰልሳል። ሌላው በተነቀለ ጥርስ ላይ በማይክሮ ሲቲ (እጅግ ረቂቅ በሆነ ባለ ሦስት ገጽታ የኤክስሬይ ምስል) ይለካል። ሦስተኛው ፋይሉን በብረት ቦይ ውስጥ እስኪሰበር ያዞረዋል። ስለዚህ መጀመሪያ በምን ላይ እንደሠሩ እዪ። ቀጥሎ ስለ ጠመዝማዛው ምን እንዳሉ እዪ። ሽናይደር በ1971 እ.ኤ.አ. የመታጠፊያውን ማዕዘን ለካ፤ ከ25 ዲግሪ ጀምሮ ያለውን ከባድ አለው። ማዕዘን ብቻውን ግን አይበቃም። ፕሩየትና ባልደረቦቹ በ1997 እ.ኤ.አ. እንዳሳዩት፣ በ2 ሚሊሜትር ራዲየስ ድንገት የሚታጠፍ ቦይ ውስጥ ፋይል በ5 ሚሊሜትር ረጋ ብሎ ከሚታጠፈው ይልቅ ቶሎ ይሰበራል። አንድ ውጤት ደግሞ በተለይ ያዢልኝ፤ በ2001 እ.ኤ.አ. ፒተርስና ባልደረቦቹ የሞከሯቸው ዘዴዎች ሁሉ የቦዩን ግድግዳ 35 በመቶ ወይም ከዚያ በላይ ሳይነኩት አልፈዋል። ያን የሚያጸዳው ማጠቢያው ፈሳሽ ነው።

«የትኛው ይሻላል?» ብለው ከጠየቁሽ የብራንድ ስም አትጥሪ። «መጀመሪያ በ10 ቁጥር አያለሁ» በዪ። ረጋ ያለ ጠመዝማዛ ከሆነ መንገዱን ጠርገሽ በሮታሪ ትሄጃለሽ። ድንገት የሚታጠፍ ወይም ሁለቴ የሚታጠፍ ከሆነ በሙቀት የታከመ፣ ቀጠን ያለ፣ በየሚሊሜትሩ 0.04 ሚሊሜትር የሚወፍር ፋይል ትመርጫለሽ፤ የመጨረሻዎቹን ሚሊሜትሮች በእጅ ትጨርሻለሽ። የሮታሪ ልምድሽን ሲጠይቁሽ እውነቱን ንገሪያቸው።

በሦስቱ ሳምንታት የተነቀሉ የመንጋጋ ጥርሶችን በንጽሕና ሰብስቢና አሥር ያህሉን ክፈቺ። ሞተር ያለው የሥራ ባልደረባ ፈልጊ፤ ፋይሉን አንቺ ግዢ፣ ሞተሩን እሱ ያውስሽ፣ እሁድ ከሰዓት አብራችሁ ሥሩ። ከሠራሻቸው ታካሚዎች ደግሞ ፈቃዳቸውን ጠይቀሽ፣ ስማቸውን ሸፍነሽ፣ በፊትና በኋላ የተነሱ ኤክስሬዮችን በአቃፊ ያዢ። ያልተሳካውንም ጨምሪ፣ ምን እንዳደረግሽ አስረጂ። ሰው ስቀጥር ከሁሉ በፊት የማየው እሱን ነው።

አንቺም ጠይቂያቸው። አንዱን ፋይል ስንት ታካሚ ላይ ነው የምትጠቀሙበት? ማን ይቆጥረዋል? አምራቾቹ ብዙዎቹን ለአንድ ታካሚ ብለው ነው የሚሸጧቸው፤ ዋጋው ውድ ስለሆነ ግን ደጋግሞ የሚጠቀም አለ። ቁጥሩን የሚመዘግቡ ከሆነ በደስታ ግቢ። «እስኪሰበር ድረስ» ካሉሽ ግን ደመወዙ ምንም ያህል ቢያምር ታካሚው ፊት ቆመሽ ስብራቱን የምትነግሪው አንቺ ነሽና ሌላ ቦታ ፈልጊ።