ፋይሉ የት ያድራል?

ውድ የሶፍትዌር ሙያ ጀማሪዎች፣

ይህን የምጽፍላችሁ ከድሬዳዋ፣ ከከዚራ ነው። ከሃያ ዓመት በላይ የሥራ ፍሰት አስተዳደር ሥርዓቶችን፣ ማለትም አንድ ጉዳይ ከእጅ ወደ እጅ እየተላለፈ እስኪያልቅ የሚከታተሉ ሶፍትዌሮችን፣ ስነድፍ ኖሬአለሁ። ወደዚህ ዘርፍ ለመግባት የምታስቡ ሁሉ «የትኛውን መሣሪያ እንማር?» እያላችሁ ስለምትጠይቁኝ፣ መልሴን በጽሑፍ ማስፈር መረጥሁ።

መሣሪያውን ከመማራችሁ በፊት አንድ ፋይል ተከተሉ። በጀማሪነቴ የአንድ መሥሪያ ቤትን የፈቃድ አሰጣጥ ላጠና ስሄድ፣ ኃላፊዎቹ በመሠረታዊ የሥራ ሂደት ለውጥ ጊዜ የተዘጋጀ ሥዕል ሰጡኝ፤ አምስት ሳጥን፣ አራት ቀስት። ያንኑ ይዤ ልጀምር ስል፣ መዝገብ ቤት የሚሠሩ አንዲት እናት «ልጄ፣ እስቲ ይህን እይ» ብለው መሳቢያቸውን ሳቡልኝ። በላስቲክ የታሰሩ ሠላሳ ያህል ፋይሎች ነበሩበት፤ በየጥጋቸው በእርሳስ «ካርታ ይቀረዋል»፣ «ሰኞ ይመጣል» ተብሎ ተጽፎባቸዋል። ሥዕሉ ላይ ያ መሳቢያ አልነበረም፤ ባለጉዳዩ ወራት የሚጉላላው ግን እዚያ በሚያድረው ወረቀት ምክንያት ነበር።

የሙያችን ዋና ጉዳይ ይህ ቆሞ መጠበቅ ነው። የሥራ ፍሰት አንድ ፊርማ እስኪገኝ ሦስት ሳምንት ሊቆም ይችላል፤ በመካከሉ መብራት ይጠፋል፣ ሰርቨር ይወድቃል፣ ፈራሚው ይዛወራል። ስለዚህ ሥርዓቱ የደረሰበትን ደረጃ ሁሉ ዳታቤዝ ላይ መመዝገብ፣ ሲነሣም ካቆመበት መቀጠል፣ ያው የክፍያ ትእዛዝ ተደግሞ ቢደርሰው እንኳ ሁለት ጊዜ አለመክፈል አለበት። ጀርመናዊው ካርል አዳም ፔትሪ እ.ኤ.አ. በ1962 በዶክትሬት ጽሑፋቸው የጣሉት መሠረት ዛሬም የሚደንቀኝ በዚህ ነው፤ በእርሳቸው ስም በሚጠራው የሂደት መሣያ ዘዴ፣ በፔትሪ ኔት ውስጥ፣ ጉዳዩ የሚያርፍበት ቦታ ከድርጊቱ እኩል ራሱን የቻለ ምልክት አለው። ቢፒኤምኤን 2.0 እ.ኤ.አ. በ2011 ይፋ የሆነ የሥራ ሂደት የአሣሣል ደንብ ነው፤ እርሱንም ተማሩ፤ ግን ፔትሪ ኔትን አስቀድሙ።

አንድ ስሕተቴንም ልንገራችሁ። መመሪያ ሲለወጥ አዲሱን ንድፍ በአሮጌው ላይ ጫንሁት፤ በጅምር የነበሩት ጉዳዮች የቆሙበት ደረጃ በአዲሱ ንድፍ ውስጥ ስላልነበረ ሁሉም ባሉበት ቀሩ፤ ሁለት ሌሊት ቁጭ ብዬ አንድ በአንድ በእጄ አንቀሳቀስኋቸው። ከዚያ ወዲህ እያንዳንዱ ጉዳይ በተጀመረበት የንድፍ እትም እንዲያልቅ አደርጋለሁ፤ ወደ አዲሱ የሚሻገር ካለም፣ ከየትኛው ደረጃ ወደ የትኛው እንደሚሄድ ከሥራው ባለቤቶች ጋር አስቀድሜ እወስናለሁ።

የሶፍትዌር አርክቴክት (የሥርዓት ነዳፊ) ለመባል አትቸኩሉ። ጥቂት ዓመታት ኮድ ጻፉ፤ የጻፋችሁት በሌሊት ሲበላሽም ራሳችሁ ጠግኑ። ከተማችን ለዚህ ትምህርት ምቹ ናት። ከጅቡቲ በባቡር ወይም በመኪና የሚገባ አንድ ኮንቴነር የመርከብ ድርጅትን፣ ጉምሩክን፣ ባንክንና ትራንዚተርን (የጉምሩክ ጉዳይ አስፈጻሚን) ያገናኛል፤ አንዱ ሌላውን አያዝም፤ ሁሉም ግን ይጠባበቃሉ። በመጪው ክረምት ደረቅ ወደቡ አካባቢ ከሚሠራ ትራንዚተር ጋር አንድ ሳምንት ዋሉ፤ ወረቀቱ ያረፈበትን ጠረጴዛና ያደረበትን ሌሊት ሁሉ ደብተር ላይ ጻፉ። ደብተሩን ይዛችሁ ኑ፤ ከአሥር ሰዓት በኋላ ቤት ነኝ፣ አብረን እንሥለዋለን።